ሚዛኑ ፋብሪካው በር ላይ ይቀመጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ፒፋስ በሚል አጠራር ስለሚታወቁትና «ዘላለማዊ ኬሚካሎች» ስለሚባሉት የፍሎሪን ውሁዶች ጋዜጣችሁ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በትኩረት ስከታተል ቆይቻለሁ። ምግብ የማያስይዘው መጥበሻ፣ ዝናብ የማያስገባው ካፖርት፣ በአውሮፕላን ማረፊያዎች የሚረጨው የእሳት ማጥፊያ አረፋ በየተራ ተነሥተዋል። አሁን አሁን ደግሞ ወሬው ወደ ኮምፒውተር ተሻግሮ፣ በየቢሮው ያለው ሃርድ ዲስክ ሳይቀር ከእነዚህ ውሁዶች በአንዱ የተቀባ መሆኑ ይነገራል። መቀባቱ እውነት ነው። እኔ የማልስማማው ከዚህ እውነት በሚወሰዱት ሁለት መደምደሚያዎች ነው፤ አንደኛው ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው ሁሉ መርዝ ቤቱ እንዳስገባ የሚያስቆጥር ሲሆን፣ ከአምራቾች በኩል የሚሰማው ሁለተኛው ደግሞ መጠኑ ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ፒፋስን የሚገድበው ሕግ እኛን አይመለከትም የሚል ነው። ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ፣ የሃርድ ዲስክ ሳህን በሚመረትበት ፋብሪካ የቅባት ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ እንደመሆኔ፣ ሁለቱም ወገኖች ሚዛኑን ያለ ቦታው እንዳስቀመጡት ለማሳየት እሞክራለሁ። በደብዳቤዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃርድ ዲስክ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የሚያብረቀርቀው ሳህን ነው። ሳህኑ ራሱ ከአሉሚኒየምና ከማግኒዚየም ቅይጥ ወይም ከመስታወት የተሠራ ሲሆን፣ መረጃው የሚጻፈው በላዩ በተነጠፈው፣ ኮባልት፣ ክሮሚየምና ፕላቲነም ባሉበት ስስ የብረት ቅይጥ ላይ ነው። ይህ ንጣፍ ራቁቱን ቢተው ኮባልቱ በእርጥበት ይበላል፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የካርቦን ሽፋን ይለብሳል፤ ከካርቦኑ በላይ ደግሞ አንድ ናኖ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቅባት ይቀመጣል። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ስለሆነ፣ ቅባቱ ከአንድ የሞለኪውል ረድፍ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ በሚሽከረከር ባለ ሦስት ተኩል ኢንች ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሳህኑ ጠርዝ በሰዓት ወደ 130 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይጓዛል። ባለሙያዎች ሄድ የሚሉት የማንበቢያና የመጻፊያ ክፍል ሽክርክሪቱ በሚፈጥረው የአየር ግፊት ተንሳፎ ይቆያል፤ በሚያነብበትና በሚጽፍበት ቅጽበት ግን በውስጡ ያለች ጥቃቅን ማሞቂያ ጫፉን አሳብጣ ከሳህኑ በአንድ ወይም በሁለት ናኖ ሜትር ርቀት ላይ ታደርሰዋለች። በዚህ ርቀት ላይ ሄዱና ሳህኑ ጨርሶ አይነካኩም ብሎ ዋስትና የሚሰጥ መሐንዲስ የለም። ቅባቱ ያስፈለገውም መነካካቱ ስለማይቀር ነው።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። አይቢኤም በ1956 እዚሁ ሳን ሆዜ ውስጥ ያወጣው፣ ራማክ ከተባለው ኮምፒውተር ጋር የመጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ሁሉም ተደምረው የሚይዙት ግን 5 ሚሊዮን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ነበር። ሄዱ ሳህኑን እንዳይነካ የሚደረገው ታምቆ በሚነፋ አየር ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከዛሬው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። በ1973 ዊንቸስተር በሚል ስያሜ የታወቀው 3340 ሲመጣ ንድፉ ተለወጠ፤ ሄዱ ቀለል ተደርጎ ተሠራ፣ ማሽኑ ሲጠፋ እዚያው ሳህኑ ላይ ያርፋል፣ ሲበራም ሳህኑን እየታከከ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ቅባት የሌለው ሃርድ ዲስክ ታስቦ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ሳህኖቹ የሚለበጡት የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በተቀላቀለበት ሙጫ መሰል ልባስ ስለነበር፣ ልባሱ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቅባቱን አቁሮ ይይዝ ነበር። በኋላ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ የሚነጠፈው ስስ ብረት ሲተካው ግን ገጹ ልሙጥ ሆነ፤ ቅባቱ የሚሸሸግበት ቀዳዳ ጠፋ። እንግዲህ በራሱ ጉልበት ተጣብቆ የሚቆይ፣ በሽክርክሪቱ የማይፈናጠርና በዓመታት ብዛት የማይተን ቅባት መፈለግ ግድ ሆነ።

ተራ የማዕድን ዘይት ይህን አይችልም፤ በዚህ ስስነት ቢነጠፍ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል። ሥራውን የወሰዱት ፐርፍሎሮፖሊኢተር የሚባሉት ፈሳሾች ናቸው። ሞለኪውላቸው ረጅም ሰንሰለት ሲሆን ሰንሰለቱ ካርቦን፣ ፍሎሪንና ኦክስጅን ብቻ ይዟል። በካርቦንና በፍሎሪን መካከል ያለው ትስስር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት ነጠላ ትስስሮች ሁሉ ጠንካራው በመሆኑ ፈሳሹ በቀላሉ አይቃጠልም፣ አይዝግም፣ ከሌላ ነገር ጋርም አይዋሐድም፤ በየመሐሉ የገባው ኦክስጅን ደግሞ ሰንሰለቱን ተጣጣፊ ያደርገዋል። ቴፍሎን ጠጣር ሆኖ ሳለ የሥጋ ዘመዱ የሆነው ይህ ቅባት ፈሳሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የጣሊያኑ ሞንቴዲሰን ፎምብሊንን፣ የአሜሪካው ዱፖንት ክራይቶክስን፣ የጃፓኑ ዳይኪን ደምነምን አወጡ። በሃርድ ዲስክ ሥራ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው የፎምብሊን ዚ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ዚ-ዶል በሰንሰለቱ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ፣ ዚ-ቴትራኦል ደግሞ ሁለት ሁለት የሃይድሮክሲል ቡድን (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር) አላቸው። ጫፎቹ ከካርቦኑ ሽፋን ጋር ይያያዛሉ፤ መካከለኛው የሰንሰለቱ ክፍል ግን ልስላሴውን ይሰጣል። በፋብሪካ ሳህኑ ከተቀባ በኋላ በሙቀት ወይም በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ታክሞ ከቅባቱ አብዛኛው እንዲጣበቅ፣ ጥቂቱ ግን ልቅ ሆኖ እንዲቀር ይደረጋል። ልቅ የቀረው ክፍል ጥቅሙ ሄዱ አንድ ቦታ ነክቶ ቅባቱን ሲገፋው ተመልሶ የተራቆተውን ስፍራ መሸፈኑ ነው። የተጣበቀው ሲበዛ ይህ ፈውስ ይጠፋል፤ ልቁ ሲበዛ ደግሞ ቅባቱ ሄዱ ላይ እየተለጠፈ ንባቡን ያዛባል። የሙያው ችግር አብዛኛው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ቅባቱ እንከን የለሽ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ሄዱ የተቀረጸበት አካል አሉሚና፣ ማለትም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያለበት ሴራሚክ ነው። አሉሚና ሙቀትና ፍትጊያ ሲጨመሩበት የዚህን ቅባት ሰንሰለት የመበጠስ ጠባይ አለው፤ በተለይ የፎምብሊን ዚ ሰንሰለት በዚህ በኩል ደካማ ነው። ይህን ለመከላከል ፎስፋዚን የሚባሉ ውሁዶች እንደ ተጨማሪ ሲገቡ ቆይተዋል፣ ሄዱም ራሱ የካርቦን ሽፋን ተደርጎለታል። «ምንም አይነካውም» የሚባለው ነገር እንግዲህ የሚነካው አለ ማለት ነው፤ አካባቢ ውስጥ ሲገባ ግን ፀሐይም፣ ውሃም፣ ተህዋስያንም በቀላሉ የማይበታትኑት መሆኑ አያጠያይቅም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2021 ባወጣው ሰፊ ትርጓሜ መሠረትም ፒፋስ ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ወደ መጠኑ ልምጣ። የባለ ሦስት ተኩል ኢንች ሃርድ ዲስክ ሳህን 95 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት፣ መካከሉ ላይ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው ብንል፣ የሁለቱ ገጾቹ ስፋት ተደምሮ 130 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅባቱ አንድ ናኖ ሜትር ቢወፍር፣ ክብደቱም በይዘት እኩል ከሆነ ውሃ አንድ ነጥብ ስምንት እጥፍ ያህል መሆኑ ቢታሰብ፣ በአንድ ሳህን ላይ ያለው ወደ 24 ማይክሮ ግራም ይጠጋል። አሥር ሳህኖች ያሉት ትልቅ ሃርድ ዲስክ ሩብ ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። በአንድ ሚሊዮን እንዲህ ያሉ ሃርድ ዲስኮች ላይ ያለው ሁሉ ቢሰበሰብ ሩብ ኪሎ አይሞላም፤ ቅባቱ ከባድ ስለሆነም በሁለት የቡና ሲኒ ይያዛል። ይህ ሒሳብ ማንም በቤቱ እርሳስ ይዞ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። በዚያ ላይ ቅባቱ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር፣ የማይተን ነገር ነው። በጠረጴዛው ላይ ሃርድ ዲስክ ያለው አንባቢ ከዚህ የተነሣ የሚሰጋበት ምክንያት አይታየኝም።

አምራቾቹ የሚያቀርቡት ሒሳብ እዚህ ላይ ያበቃል። የእኔ ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር ቅባት በብሩሽ አይቀባምና።

የሚቀባው እንዲህ ነው። ሳህኖቹ በመካከላቸው ባለው ቀዳዳ አንድ ዘንግ ላይ ተሰካክተው፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ተደርድረው፣ ንጹሕ ፈሳሽ ወዳለበት ገንዳ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ፈሳሹ ለዓይን ውሃ ይመስላል፤ ጓንት ላይ ቢንጠባጠብ ግን ወዲያው ተኖ ይጠፋል፣ በማሰሮ ሲያነሡትም ከጠበቁት በላይ ይከብዳል። ቅባቱ በውስጡ ሟሙቶ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ መጠን ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ አሟሚ ነው። ከዚያ ሳህኖቹ ሞገድ በማያስነሣ እርጋታ፣ በሰከንድ በጥቂት ሚሊ ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ይወጣሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ቅባቱ ይወፍራል፣ ሲቀንስ ይሳሳል፤ ሞተሩ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሳህኑ ላይ ቀለበት ይቀራል። ሳህኑ ከፈሳሹ ሲወጣ ደርቆ ነው የሚወጣው፤ ቅባቱን በዓይን የሚያይ ሰው የለም፣ ውፍረቱ የሚታወቀው ከኢንፍራሬድ ብርሃን ምን ያህሉን እንደዋጠ በመሣሪያ በመለካት ነው። ቀጥሎ ሳህኑ በስስ ማለስለሻ ጥብጣብ ይጠረጋል፣ ከዚያም ሄድ በላዩ ተንሳፎ ጉብታ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል።

በቅባት ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የቅባቱ ጠርሙስ ትንሽ ናት፣ ሳታልቅም ለረጅም ጊዜ ትቆያለች፤ የአሟሚው በርሜል ግን እየተመላለሰ ይገባል። ገንዳው ግድግዳ ላይ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ የሚያደርግ የማቀዝቀዣ ቱቦ አለው፣ ጥሩ ፋብሪካም የተነነውን ሰብስቦ ደግሞ ይጠቀምበታል፤ ቢሆንም ሳህኖቹ በወጡ ቁጥር፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ያመልጣል። በየጊዜው አዲስ በርሜል የሚገባው ያመለጠውን ለመተካት ነው። ይህ አሟሚ ደግሞ ራሱ የፍሎሪን ውሁድ ነው፤ ፐርፍሎሮፖሊኢተር በአልኮልም ሆነ በቤንዚን አይሟሟምና ሌላ ምርጫ የለም። እንግዲህ ሳህኑ ላይ ማይክሮ ግራም ለማስቀመጥ በርሜሉን ሙሉ አሟሚ የሚያንቀሳቅስን ሥራ በሳህኑ ላይ ባለው ማይክሮ ግራም ብቻ መመዘን ምን ማለት ነው?

የአሟሚው ታሪክ ለዚህ ክርክር ከቅባቱ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። ቀድሞ ያገለግል የነበረው ሲኤፍሲ-113 ነበር፤ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪው በሙሉ ዕቃውን የሚያጥበው በእሱ ነው። የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳ መሆኑ ታውቆ በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሲፈረም፣ ያለ እሱ ሥራው አይሆንም የሚል ድምፅ ከኢንዱስትሪው በኩል ተሰምቶ ነበር። በበለጸጉት አገሮች ምርቱ በ1996 መግቢያ ላይ ሲቆም ሥራው አልቆመም። ቦታውን ሃይድሮፍሎሮካርቦንና ሃይድሮፍሎሮኢተር የሚባሉት ያዙ። እነዚህ ኦዞንን አይነኩም፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ኤችኤፍሲ-43-10 የተባለው ከባቢ አየርን በማሞቅ ረገድ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,640 እጥፍ ጉልበት ያለው ሆኖ በ2016ቱ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የኪጋሊ ማሻሻያ ተመዝግቧል። ኖቬክ በሚል ስም ሃይድሮፍሎሮኢተሮችን ይሸጥ የነበረው ስሪ ኤም ደግሞ በታኅሣሥ 2022 ፒፋስ ማምረቱን እስከ 2025 መጨረሻ እንደሚያቆም አስታወቀ። የቅባት ክፍሎች አሟሚ ለመለወጥ የተገደዱት በሳህኑ ላይ ባለው ነገር ሳይሆን ከሳህኑ ላይ በሚተነው ነገር ምክንያት መሆኑን ልብ ይሏል።

የምኖርበት ሸለቆም ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ነው የተማረው። በ1981 መጨረሻ በደቡብ ሳን ሆዜ ከነበረው የፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ፣ ከመሬት በታች ከተቀበረ ታንክ የፈሰሰ ትራይክሎሮኢቴን የተባለ የማጠቢያ አሟሚ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ መግባቱ ተደረሰበት። ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍተሻ ሳንታ ክላራ ካውንቲ በአሜሪካ ከሁሉም ይበልጥ ብዙ የተበከሉ የፌዴራል ጽዳት ቦታዎች ያሉበት ካውንቲ ሆኖ ተገኘ። ከፋብሪካው በር የሚወጣው ምርት ንጹሕ ቺፕ ነበር፤ ቺፑን የመረመረ ሰው ምንም አያገኝበትም ነበር።

ከቅባት ክፍሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ የፍሎሪን ውሁዶቹ ራሳቸው የሚሠሩባቸው ፋብሪካዎች አሉ። በዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ አጠገብ ባለው፣ ቀድሞ የዱፖንት በነበረው ፋብሪካ ቴፍሎን ለማምረት ይረዳ የነበረው ሲ-8 የተባለው አሲድ የአካባቢውን የመጠጥ ውሃ በክሎ፣ ዱፖንትና ከእሱ የወጣው ኬሞርስ በ2017 ከ3,500 በላይ ክሶችን በ671 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ዘግተዋል። ሲ-8 የሃርድ ዲስክ ቅባት አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አንባቢን ያሳስታል። በሰሜን ጣሊያን በአሌሳንድሪያ አጠገብ ያለው የስፒኔታ ማሬንጎ ፋብሪካ ግን ለክርክራችን ይቀርባል፤ ከሞንቴዲሰን በኋላ በሶልቬይ እጅ የገባው ይህ የፍሎሪን ኬሚካሎች ማምረቻ በከርሰ ምድር ውሃ ብክለት ምክንያት ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቷል። የኮምፒውተር ተጠቃሚው ስለ ፒፋስ የሚጠይቀው ካለ፣ በዚያ ሰፈር ጉድጓድ ያላቸው ሰዎች ስለሚጠጡት ውሃ ቢጠይቅ ይሻላል።

በጥር 2023 ጀርመን፣ ዴንማርክ፣ ኔዘርላንድስ፣ ኖርዌይና ስዊድን በአንድነት ወደ 10,000 የሚጠጉ ፒፋሶችን የሚገድብ ሐሳብ ለአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ አቀረቡ፤ ኤጀንሲው አስተያየት ሲጠይቅም ከ5,600 በላይ ደረሱት። የሃርድ ዲስክ ቅባት ከእገዳው ነጻ ይሁን የሚለውን ጥያቄ በመርሕ ደረጃ እደግፋለሁ። ምክንያቴም ምትክ አለመኖሩ ነው። ሌሎች ቅባቶች በቤተ ሙከራ ሲሞከሩ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱ ይተናል፣ አንዱ እርጥበት ይስባል፣ አንዱ በአንድ ናኖ ሜትር ውፍረት ገጹን እኩል አይሸፍንም። በዚህ ላይ ሥራው ይበልጥ እየከበደ ሄዷል። የሃርድ ዲስክ አምራቹ ሲጌት በጥር 2024 ያስተዋወቀው፣ ከ30 ቴራባይት በላይ የሚይዘው ሃርድ ዲስክ የሚጽፈው ሳህኑን በሌዘር አሙቆ ነው፤ ከብረትና ከፕላቲነም የተሠራው ንጣፍ በናኖ ሰከንድ ውስጥ ከ400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሞቆ ይቀዘቅዛል፣ ቅባቱም ከላዩ ሆኖ ይህን ሁሉ ይችላል። ሃርድ ዲስክ ይቅርና ሁሉም መረጃን በሚሽከረከር ሳህን ሳይሆን በቺፕ ላይ ወደሚይዘው ኤስኤስዲ ይሂድ የሚሉም አሉ። ለላፕቶፕ ይህ ከሆነ ቆይቷል፤ በትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ግን ለብዙ ቴራባይት የሚከፈለው ዋጋ ልዩነት አሁንም ሰፊ ነው። ደግሞም ቺፕ ማምረት ከፒፋስ የጸዳ ሥራ አይደለም።

ነጻ ይሁን ስል ግን ዝም ብሎ ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። ኢንዱስትሪው በማይክሮ ግራም ሒሳብ የሚያገኘውን ፈቃድ በኪሎ በሚጠቀምበት ቦታ ላይ ሲዘረጋው አይቻለሁና። ፈቃዱ ሳህኑ ላይ ለሚቀረው ቅባት ብቻ ተሰጥቶ፣ አሟሚው በራሱ መዝገብ ሊያዝ ይገባል፤ ፋብሪካው በዓመት ስንት ኪሎ አሟሚ ገዛ፣ ስንቱን ለማጣሪያ መለሰ፣ ስንቱን በሕጋዊ መንገድ አስወገደ የሚለው ከታወቀ፣ ልዩነቱ አየር ላይ ወይም ፍሳሽ ውስጥ የገባው ነው። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ሚዛንና የግዢ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በየፋብሪካው አሉ። የንግድ ምስጢር ነው የሚለውን መልስ አልቀበለውም። የምስጢር ነገር ካለ በቅባቱ ውህደትና በገንዳው ፍጥነት ላይ ነው፤ የጠፋው ኪሎ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ኢትዮጵያ ይህን ቅባትም ሆነ ሳህኑን አታመርትም፤ ስለዚህ የፋብሪካው ክርክር የሚመለከታት በአካባቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚገድበው በስቶክሆልም ስምምነት አባልነቷ በኩል ነው። ስምምነቱ እስካሁን ከፒፋስ ወገን ፒፎስን በ2009፣ ሲ-8ን በ2019፣ ፒኤፍኤችኤክስኤስን በ2022፣ ረጅም ሰንሰለት ያላቸውን የፐርፍሎሮካርቦክሲል አሲዶች ደግሞ በ2025 አካትቷል፤ የሃርድ ዲስክ ቅባት ከእነዚህ አንዱ አይደለም። በተግባር የሚነካን ግን ሌላ ነገር አለ፤ እሱም የመሬታችን ከፍታ ነው። ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየር ሲሳሳ ዝቅ ብሎ ይበርራል፣ ከቅባቱም ጋር ይበልጥ ይገናኛል። አምራቾች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ወሰን ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ፣ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ቢያንስም፣ ከዚህ ወሰን በታች ናት፤ ደብረ ብርሃንም እንዲሁ። በ3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የእንጦጦ የኅዋ ምርምር ማዕከል ግን ከወሰኑ ያልፋል። እንዲህ ላለ ቦታ ሂሊየም ተሞልተው ሙሉ በሙሉ የታሸጉት፣ ከ2013 ጀምሮ በገበያ ላይ ያሉት ሃርድ ዲስኮች የተሻሉ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ግፊት በውጪው አየር አይወሰንምና። በከፍተኛ ቦታ ሰርቨር የሚያስገቡ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ የከፍታ ወሰንን እንዲያስገቡ እመክራለሁ።

ስለ ጥገናም አንድ ቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ክዳኑን በክፍት ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ሳህኑን በአልኮልና በጥጥ የሚጠርግ ወጣት ጠጋኝ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ፤ እጁ የተካነ፣ ትዕግሥቱም የሚደነቅ ነበር። አልኮሉ ቅባቱን አያሟሟም፤ ጥጡ ግን ልቁን ክፍል አንድ ቦታ ይቆልለዋል፣ ሌላ ቦታ ያራቁተዋል፣ በላዩም ክር ይተዋል። ሄዱ ከሳህኑ በናኖ ሜትሮች ርቀት በሚሄድበት ቦታ የሲጋራ ጭስ ቅንጣት እንኳ ትልቅ ድንጋይ ነው። የጠፋ ፎቶ ወይም ሰነድ ያለበት ሰው ሳህኑን ሳያስነካ ንጹሕ ክፍል ወዳለው ባለሙያ ይውሰደው። አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት ለሚሠሩት ደግሞ፣ በሳህኑ ላይ ያለው ቅባት ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ መርዛማ ቢሆንም መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ እነሱን ይበልጥ የሚጎዳቸው አብሮ እሳት ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ፕላስቲክ ስለሆነ ሳህኑን ለይተው፣ ሰሌዳውን ከእሳት አርቀው ቢሠሩ መልካም ነው።

ጋዜጣችሁ በዚህ ጉዳይ ወደፊት ከኮምፒውተር አምራቾች ወይም ከወኪሎቻቸው ጋር ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ «ምርታችሁ ውስጥ ስንት ፒፋስ አለ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ባለፈው ዓመት ስንት ኪሎ የፍሎሪን አሟሚ ገዛችሁ፣ ስንቱስ ተመለሰ?» የሚለውን እንዲያነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ሁሉም በደስታ ይመልሱታል። ሁለተኛውን የሚመልስ ከተገኘ፣ መልሱን በመጀመሪያ ገጽ አውጡልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ